የኦስጉድ ማይነሶች

በቤልናፕ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እሑድ የማርክ ቀን ነው። ቅዳሜ የተጫወተ ሁሉ፣ ያሸነፈም የተሸነፈም፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጨዋታው ቅጂ ወደሚታይበት ክፍል፣ ወደ ፊልም ቤት፣ ይገባና እያንዳንዷ እንቅስቃሴው ስትመዘን ቁጭ ብሎ ያያል። ደህና ለሠራ ፕላስ፣ ላበላሸ ማይነስ። ኳስ ስልሳ ጊዜ ከተነሳ ስልሳ ምልክት አለ፤ ማምለጫ የለም። ቨርን ሃላዳ የፊት መስመሩን ልጆች፣ እነዚያን ግድግዳ የሚያካክሉ፣ ወርዋሪውንና ሯጩን በደረታቸው የሚከልሉ ጎረምሶች፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ሚዛን ላይ ሲያወጣ ኖሯል። ማይነስ ሲል ድምፁ አይወጣም፣ አይወርድም። እናቱ የሞተችበት ልጅም ቢሆን ማይነስ ማይነስ ነው።

አሰልጣኝ ግን እዚያ ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በዓመቱ ስምንተኛ ጨዋታ፣ በኦልደን ቡድን በተሸነፉ ማግስት፣ ዋናው አሰልጣኝ ሮይ ቲልማን ሃላዳን ቢሮው ጠርቶ በሩን ሲዘጋው፣ ሃላዳ ነገሩ ከበድ ያለ መሆኑ ገባው።

«ቁጭ በል ቨርን። ወገብህ እንዴት ነው?»

«እዚያው ነው። ወገቤን ልትጠይቅ አልጠራኸኝም።»

ቲልማን በአፍንጫው ሳቀና ወንበሩን ሳብ አደረገ። «ኦስጉድን ማርክ ስጥልኝ።»

«ምን?»

«ሰምተኸኛል። እንደ ልጆቹ። በሦስተኛ ሙከራ ላይ የሰጠውን ትዕዛዝ ሁሉ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምረህ ተመልከት። ፕላስ፣ ማይነስ፣ ምክንያት በአንድ መስመር። ከታች ፈርምበት። ዓርብ የኮሌጁ ቦርድ ይመጣል፤ "ይመስለኛል" ብዬ አልቀርብም።»

«ለምን እኔ?»

«ሌላ ማን አለኝ? ስትመዝን ወዳጅ የማታውቅ አንተ ነህ።»

ብራንት ኦስጉድ የማጥቃቱ ክፍል ኃላፊ ነው። ኳሱ በቤልናፕ እጅ ሲሆን ይሮጥበት ወይስ ይወርወር፣ ለማን፣ በየት በኩል፣ ሁሉን ከላይ ከመስታወቱ ክፍል ተቀምጦ በሬዲዮ የሚያዝ እሱ ነው። አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለ፤ ሁለቱ ማሟሟቂያ ናቸው፣ አራተኛው የተስፋ መቁረጥ ነው፤ የአዛዡ ጭንቅላት የሚታየው በሦስተኛው ነው። ቲልማን ይህን አውቆ ነው የጠየቀው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፉ፤ ከዚያ አምስት በተከታታይ ተሸነፉ።

ሃላዳ ከቢሮው ሲወጣ ፊቱን አኮሳተረ፤ ልቡ ግን እንደ ሠርገኛ ትዘል ነበር።

ያቺ የኦስጉድ ወንበር ሁለት ጊዜ አልፋዋለች። መጀመሪያ ባዶ የሆነች ጊዜ ዶክተር የሚባል ሰው አመጡ፤ ስለ ኳስ ብዙ የጻፈ፣ ትከሻው ግን ተገጭቶ የማያውቅ። በሁለት ዓመቱ ሸኙት። ሁለተኛ ጊዜ ሃላዳ አዲስ ሙሉ ልብስ ገዛ፤ ሚስቱ ሎሬታ ከረቫቱን ሦስት ጊዜ ፈትታ አሰረችለት። ቃለ መጠይቁ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። «ቨርን፣ ባለህበት ቦታ አንተን የሚተካ አይገኝም» አሉት። ምስጋና ይመስላል። አጥር ነው። የተማረ ሰው ሲያጥርህ እንኳ አመስግኖ ነው የሚያጥርህ። ከዚያ ይህ ኦስጉድ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ ጢሙ እንደ ፎቶ የተስተካከለ፣ ኮምፒዩተሩን በደረቱ አቅፎ መጣ። በጸደይ የለጋሾች እራት ላይ ረዳቶቹን አንድ በአንድ በስማቸው አስተዋወቀና ሃላዳ ጋ ሲደርስ «እና... የፊት መስመሩ ኮች» ብሎ አለፈ። ስሙ ጠፍቶበት ነው። በነጋታው ቢሮው ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ከስድቡ ባሰ፤ ሰው ሁሉ ረስቶት የነበረውን ነገር ሃላዳ ዳግመኛ ሰማው።

በነሐሴም ተጋጭተዋል። ኦስጉድ የፊት መስመሩ ልጆች ኳስ ከመነሳቱ በፊት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብድግ ብለው ይቁሙ አለ፤ ሊወረወር ሲል ወርዋሪውን ለመከለል ቶሎ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ይመቻል። ሃላዳ ሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ነው የመለሰለት።

«የእኔ ልጆች እጃቸውን መሬት ያስነካሉ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ኳስ ከተጀመረ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ አውቶቡስ የሚጠብቅ ነው።»

ሰው ሳቀ። ኦስጉድም ትንሽ ሳቀና «እሺ ኮች፣ መስመሩ የእርስዎ ነው» አለ። ያን ቀን ሃላዳ ቤቱ ገብቶ ለሎሬታ ሁለት ጊዜ አወራላት።

*

ሰኞ ዕለት ዶቲ ምግብ ቤት ቁርስ ሲበላ ከተማው ሁሉ የኦልደንን ጨዋታ እያኘከ ነበር። ቤልናፕ በአራት ነጥብ እየተመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ከግቡ መስመር አንድ ያርድ ላይ ደርሶ፣ ኦስጉድ ይወርወር ብሎ አዘዘ። ወርዋሪው ኳሱን ሳይለቅ ሦስት ሰው ተከመረበት። አለቀ።

«አንድ ያርድ!» አለ ዋልት፣ ከብረት ፋብሪካው ጡረታ የወጣው፣ ሹካውን እንደ ዳኛ እያነሳ። «አንድ ያርድ! እኔ በዚህ ጉልበቴ፣ ፍሪጅ ተሸክሜ እገባለሁ!»

«አንተ ፍሪጁን ትከፍተውና እዚያው ቁጭ ትላለህ» አለችው ዶቲ ቡናውን እየቀዳች።

«ኮምፒዩተሩን ጠይቆ ነዋ» አለ ከጥግ ያለው ፀጉር ቆራጭ። «ኮምፒዩተሩ ደግሞ ገመዱ ተነቅሎ ነበር።»

«ቨርን፣ አንተ ብትሆን ምን ታዝ ነበር? ንገረን እስቲ።»

ሃላዳ የድንች ጥብሱን በቀስታ አኘከ። «እኔ የፊት መስመር ኮች ነኝ» አለ። ሰዎቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ መልስ ከማንኛውም ስድብ ይበልጥ ኦስጉድን እንደሚቀብረው ሃላዳ ያውቅ ነበር። ዶቲ ሂሳብ አልተቀበለችውም።

እሑድ ከሰዓት፣ ሰኞና ማክሰኞ ሃላዳ ፊልም ቤት በሩን ዘግቶ ዋለ። መቶ አራት የሦስተኛ ሙከራ ትዕዛዝ ነበር፤ የኦልደኗን የመጨረሻ ውርወራ፣ ቲልማን ባይጠይቀውም፣ በራሱ ጊዜ ጨመራት። ሃላዳ እጁ ጽሕፈት አይወድም፤ ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰልፈኛ ወዲህና ወዲያ ይላሉ። ይኼን ወረቀት ግን በጥንቃቄ ጻፈው። «ማይነስ፤ ፈሪ ትዕዛዝ።» «ማይነስ፤ ጠላት ጠብቆታል።» «ማይነስ፤ ጠላት ጠብቆታል።» «ማይነስ፤ ሕፃን የሚገምተው።» ማክሰኞ ማታ ሲደምር ማይነሱ ሰባ አንድ ሆነ። ሎሬታ እራት ላይ «ዛሬ ደስ ብሎሃል» አለችው። «ሥራ ነው» አላት።

*

ረቡዕ ጧት ምክንያት ሳይጻፍላት የቀረችው የኦልደኗ አንድ ያርድ ብቻ ነበረች። ለእሷ የሚመጥን ምክንያት ሊጽፍ ፈለገ፤ ቦርዱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያያት እሷን ነውና። ስለዚህ ከጎን የተነሳውን ፊልም ትቶ ከግቡ በስተኋላ ከፍ ብሎ የተተከለው ካሜራ ያነሳውን ከፈተ። ከዚያ በኩል ሲታይ የኦልደን ተከላካዮች ፊት ለፊት ይታያሉ።

የመሀል ተከላካያቸው ቁጥር ሃምሳ ሁለት ነው። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ወርዋሪውን አላየም። ሯጩንም አላየም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደ መሬት አየና የጓደኞቹን ወገብ መታ መታ አደረገ። ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ለሩጫ የተዘጋጀ ማንም አልነበረም።

ሃላዳ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰ። ሰውየው ምን እያየ ነው? አቆመው። አቀረበው። ሃምሳ ሁለት የሚያየው እጅ ነበር። የኦሪን ፔታክ እጅ፤ ከግራ በኩል ሁለተኛው፣ የሃላዳ ምርጥ ልጅ። እጁ ሣሩን የነካው በጣቶቹ ጫፍ ነው፤ ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው።

ቀደም ወዳለችው የሩጫ ትዕዛዝ ሄደ። እዚያ የፔታክ ክብደት በሙሉ እጁ ላይ ወድቋል፤ አንጓዎቹ ነጥተው ይታያሉ። ውርወራ፤ ጣት ጫፍ። ሩጫ፤ የነጣ አንጓ። ውርወራ፤ ጣት ጫፍ። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ሃምሳ ሁለትም አልተሳሳተም።

የፊት መስመር አሰልጣኝ ከምንም በፊት የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ልጅህ በእጁ ወሬ እንዳያወጣ። ልጆች ያደርጉታል፣ አሰልጣኝ ያያል፣ ያርማል። ጀማሪ እንኳ የማይስተው ነው። ይህ ግን ልጁ በራሱ ያመጣው አልነበረም። ነሐሴ ላይ ፔታክ እጁን መሬት አስነክቶ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ዘገየበት፤ ኦስጉድ ይቁሙ ያለበትም ምክንያት ይኸው ነበር። ሃላዳ ልጁን ለብቻው ጠራና «ሊወረወር ሲል እጅህን ትንሽ አቅልለው፣ ማንም አያይም» አለው። ይቁም ከማለት ይሻላል ብሎ። ኦስጉድ ልክ ነበር ከማለት ይሻላል ብሎ።

የሌሎቹን ጨዋታዎች ከኋላ ካሜራ ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ማንም እጁን አያይም። በአራተኛው አንዱ ያየዋል። ክለቦች ፊልም ይለዋወጣሉ፤ በአምስተኛው ሁሉም ያየዋል። ሃላዳ ከቀትር በፊት ቆጠረ፤ ከሰባ አንዱ ማይነስ አርባ አራቱ፣ ኳሱ ሳይነሳ ገና በፔታክ እጅ የተሸጡ ነበሩ። «ጠላት ጠብቆታል» ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል። እውነቱን ነው፣ ጠብቆታል።

የኦልደኗም አንድ ያርድ። ሁሉም ሩጫ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ መወርወር፤ ጥሩ ትዕዛዝ ነበረች። ከግቡ ጥግ አንድ ልጅ ለብቻው ቆሞ ነበር።

ከሰዓት ልምምድ ላይ ፔታክን ጎተት አደረገው።

«እጅህን ሣሩ ላይ አድርግ። እስቲ።»

«ምን አጠፋሁ ኮች?»

«ምንም። ከዛሬ ጀምሮ ይሮጥም ይወርወርም፣ ክብደትህ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ዓይነት! ገባህ?»

«ነሐሴ ላይ ግን እርስዎ...»

«ነሐሴን እርሳው። ለማንም አታውራ።»

«እሺ ኮች።» ልጁ ፊቱን አየውና ዓይኑን ሰበረ፤ የተቆጣው መስሎታል። ሃላዳ ዞር አለ። በልምምዱ ማብቂያ የፔታክ እጅ ተስተካክሎ ነበር። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ማታ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ይህ ራሱ በኋላ ሲያስበው ያሳፍረዋል። ሐሙስ ጧት ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀመጠ። መቅደድ ይችል ነበር። ቲልማን ጋ ገብቶ «ከእኔ ነው» ማለት ይችል ነበር። ግን ዓመታት የቆየ ቂም ጠበቃ ነው፤ ጥሩ ይከራከራል። ሃያ ሰባቱስ? አለው ጠበቃው፤ ሃያ ሰባቱ የራሱ የኦስጉድ ጥፋት አይደሉም? ደግሞስ እነሱ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የሰጡህ። ሃላዳ ከእነዚያ ሦስቱን አጠፋና ፕላስ አደረጋቸው፤ ለሕሊናው ጉርሻ መሆኑ ነው። ስልሳ ስምንት ቀሩ። ቀኑን ጻፈ። ፈረመ።

*

ዓርብ ቦርዱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተሰበሰበ። ከምሳ በኋላ ቲልማን ሃላዳን በመተላለፊያው ላይ ክንዱን ያዘው።

«ነገ ትዕዛዝ የምትሰጠው አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«ስልሳ ስምንት ማይነስ አይተው ቀለማቸው ተለወጠ። ዓመቱ ሲያልቅ ኦስጉድን እናሰናብታለን፤ ወረቀትህ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ሰው ሁሉ እንደ ቨርን ቢመዝን ኖሮ፣ አለ ከቦርዱ አንዱ ሰውዬ።»

ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቀው ቃል ነበር። ሲሰማው እንደ ቀዘቀዘ ወጥ ነው የዋጠው።

ኦስጉድ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኳ። ከረቫት የለውም፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። በእጁ በሁለቱም ፊት የተጻፈበት ሰፊ ካርቶን ይዟል።

«ኮች ቨርን፣ ለነገው የግሪንሊፍ ጨዋታ ያዘጋጀሁት ነው። የሚጠቅም ከሆነ ብዬ ነው። ቢጫ የቀባኋቸው የምተማመንባቸው ናቸው።»

«የራሴን...» አለ ሃላዳ፤ የራሱ አልነበረውም።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ካላስፈለገዎት ቢጥሉትም ግድ የለም። ልጆቹ ግን ለምደውታል።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ ሊወጣ ሲል ዞሮ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ። አላሾፈም። ቢያሾፍ ኖሮ ምንኛ ደግ ነበር።

ቅዳሜ ሃላዳ መስታወቱ ክፍል ውስጥ ተቀመጠና ቢጫዎቹን ብቻ እየተከተለ አዘዘ። ሌላ ምንም አላደረገም። የግሪንሊፍ መሀል ተከላካይም እንደ ሌሎቹ አንገቱን አቀርቅሮ የፔታክን እጅ ሲፈልግ፣ እጁ ዝም አለው፤ ሰውየው ወዲህ ሲል ኳሱ ወዲያ፣ ወዲያ ሲል ወዲህ። ሠላሳ ስምንት ለአሥራ አራት። ሕዝቡ ስሙን ጠራ፤ «ቨርን! ቨርን!» እያለ፣ በዚህ ሜዳ ተጠርቶ የማያውቅ ስም። ሲወርድ ልጆቹ ተደብቀው ጠበቁትና፣ አሸናፊ አሰልጣኝ ላይ እንደሚደረገው፣ በረዶ የሞላበትን የመጠጥ በርሜል ከኋላው አናቱ ላይ ገለበጡበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሃላዳ ብርቱካንማ ውሃ ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዳር ኦስጉድ ከሌሎቹ ጋር ሲያጨበጭብ አየው። አጨበጨበ፤ እጁን ከፍ አድርጎ።

ዋልት ከአጥሩ ማዶ ጮኸ፤ «ኮምፒዩተር የለ ምን የለ! ጭንቅላት ነው! ጭንቅላት!»

*

እሑድ ልጆቹ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት በፊት ኦስጉድ ፊልም ቤት ገባ። የሃላዳን ወረቀት ቅጂ ይዟል፤ በኮሌጁ ደንብ የተመዘነ ሰው አንብቦ መፈረም አለበት። ከመታጠፍ ብዛት ጠርዙ ለስልሷል።

«ልቆጣ አልመጣሁም» አለ። «ማወቅ ነው የምፈልገው። ኢንዲያና ያለ አንድ ኮሌጅ ፋይሌን ጠይቋል፤ ይኼ ወረቀት አብሮ ይሄዳል፣ የምሠራበት ቦታ ሁሉ ሲከተለኝ ይኖራል። ይሁን። ግን ትናንት በሦስተኛ ሙከራ፣ አራት ያርድ ሲቀር፣ የሰጡት ትዕዛዝ...» ወረቀቱን ፈታው፣ በጣቱ ፈለገ። «እዚህ ያው ትዕዛዝ ነው፤ "ማይነስ፣ ፈሪ ትዕዛዝ" ይላል። ትናንት ሃያ ያርድ ሄደ። እኔ ምኑን ነው ያላየሁት? ያስተምሩኝ።»

ያስተምሩኝ አለው። የፊልሙ መቆጣጠሪያ በሃላዳ እጅ ነው። የፈለገውን መክፈት ይችላል፤ ስለ ኳስ አያያዝ፣ ስለ እርምጃ፣ ስለ ምንም ብሎ ግማሽ ሰዓት ማውራት ይችላል፣ ሰውየውም አመስግኖ ይወጣል። ጣቱ የኋላውን ካሜራ ከፈተ። የኦልደንን። አቆመው፣ አቀረበው።

ኦስጉድ ወደ ግድግዳው ቀረበ። ቀጣዩን አለ። ቀጣዩን። አራተኛው ላይ «አቤት አምላኬ» አለ በቀስታ። «እጁ።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከነሐሴ። እኔ ነኝ አቅልለው ያልኩት።»

ኦስጉድ ሳይዞር ጠየቀ። «እና መቼ አዩት?»

«በሳምንቱ ውስጥ» አለ ሃላዳ።

«ከወረቀቱ በኋላ?»

ሃላዳ ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ የልጅ ልጅ አለው፣ እንደ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ። ኦስጉድ ዞሮ አየውና ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ላላ አለ። «እንግዲህ ሰው ይስታል» አለ። «ስላረሙት አመሰግናለሁ። ዝም ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ግን ይጻፉልኝ ኮች። ቃል አይጠቅመኝም። ወረቀቱን የሚያጠፋው ወረቀት ነው።»

ሃላዳ ወረቀት ሳበ። ኦስጉድ አጠገቡ ወንበር ስቦ፣ በትዕግሥት፣ ኮምፒዩተሩን ጭኑ ላይ ከፍቶ የሆነ ነገር እያየ ጠበቀ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ብዙ ቆየች። ከዚያ ሃላዳ ጻፈ። «አርባ አራቱ ማይነሶች የአሰልጣኝ ኦስጉድ አይደሉም፣ የእኔ ናቸው። የተጫዋቼ እጅ ትዕዛዙን ለተጋጣሚ ያሳይ ነበር። ይህን ወረቀቱን ስፈርም አላየሁም ነበር።» ሰጠው።

ኦስጉድ አነበበ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ ሃላዳ አዞረው። የልምምድ ፊልም ነበር። ጥጉ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ረቡዕ። ፔታክ ተደፍቷል፣ ክብደቱ እጁ ላይ ነው፣ ውርወራ። ደግሞ ተደፋ፣ ክብደቱ እጁ ላይ ነው፣ ሩጫ።

«ረቡዕ ተስተካክሏል» አለ ኦስጉድ። ድምፁ አልወጣም፣ አልወረደም። «የፈረሙት ሐሙስ ነው።»

ሃላዳ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን መልሶ ለመውሰድ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት አያውቅም። ኦስጉድ አልገፋውም፣ አልሰደበውም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በመሐል ጣቱ ወደ እሱ ገፋ አደረገው፣ የሞተ ነገር እንደሚገፋ። ሃላዳ «አላየሁም ነበር» የምትለውን ሰረዘ። ከበላይዋ ጻፈ። «ረቡዕ አየሁ። ሐሙስ ፈረምኩ።» ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ ግን ይነበባሉ።

ኦስጉድ አንብቦ ኮምፒዩተሩን ዘጋ። በደረቱ አቅፎት ወጣ። ያን ጊዜ ሃላዳ ምነው በተሳደበ አለ። በአንዲት ስድብ ሊካካሱ ይችሉ ነበር።

ቲልማን ሃላዳ ያመጣለትን ወረቀት ቢሮው ውስጥ ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«ይህን መሳቢያዬ ውስጥ ልክተተው» አለ። «ትናንት አሸንፈናል። ሰውየው ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ወጣት ነው።»

«ፋይሉ ውስጥ አስገባው።»

«ቨርን፣ ይህን ካስገባሁ ሰኞ ቦርዱ ይጠራሃል። ሃያ ሰባት ዓመት ነው። በዚህ ልትወጣ ነው?»

«አስገባው ሮይ። ለኢንዲያናዎቹም ላከው።»

ቲልማን አየው። የሚያውቀውን ሰው ሲያጣ እንደሚያይ ሰው ነበር አስተያየቱ። «ልጆቹ እየጠበቁህ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ሂድ፣ ማርካቸውን ስጣቸው። ለእነሱ ዛሬ ምንም እንዳትላቸው፤ ከቦርዱ በፊት አይሆንም።»

ፊልም ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሃላዳ በሩን ሲከፍት ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱ፤ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ጮኹ። ማጨብጨብ ጀመሩ። ከፊት ረድፍ ኦሪን ፔታክ በሁለት መዳፎቹ፣ በእነዚያ ሰፋፊ መዳፎቹ፣ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጭባል፤ ፊቱ በርቷል፣ ረቡዕ የተቆጣው ሰው ይቅር እንዳለው የገባው መስሎ። «ኮች! ኮች! ኮች!» ይላሉ። ሃላዳ የማርክ ደብተሩን ደረቱ ላይ ይዞ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። እስኪጨርሱ ጠበቀ። አልጨረሱም።

«ተቀመጡ» አለ። ማንም አልሰማውም።